ከጓዳው ይጀምሩ፦ የድሮ ማዘጋጃ ቤት የጥበብ ማዕከል ሲሆን

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «የከተማችን የድሮ ማዘጋጃ ቤት ለዓመታት ተዘግቶ ኖሯል። አሁን የቴአትር፣ የሙዚቃና የሥዕል ማዕከል ይሁን ተብሎ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ሕንፃው የድንጋይ ግንብ ነው። ትልቁ የጉባኤ አዳራሽ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ 300 ሰው ይይዛል ብለን እናስባለን። ኮሚቴው የፊት ገጽታውን በማደስና የአዳራሹን ወንበሮች በመግዛት እንጀምር ይላል። እኔ የኮሚቴው አባል እንጂ የሙያው ሰው አይደለሁም። እርስዎ ቢሆኑ ከምን ይጀምሩ ነበር? ታሪኩን ሳናበላሽ ዘመናዊ ማድረግስ ይቻላል?»

ይቻላል። ብዙ ቦታ ተሠርቷል፤ አምሮም ተሠርቷል። ግን ከወንበር አይጀመርም። ከፊት ገጽታም አይጀመርም። እኔ ብሆን ከጓዳው ነው የምጀምረው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ሰው የሚኖርበት ቤት ሳሎንም ጓዳም አለው። እንግዳው ሳሎን ይቀመጣል፤ የሚቀርብለት ነገር ግን ከጓዳ ነው የሚወጣው። የድሮ ማዘጋጃ ቤቶች ሲሠሩ ሁሉም ነገር ሳሎን ሆኖ ነው የተሠራው። ሰፊ ደረጃ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ረጃጅም መስኮቶች፣ ባለ ዓምድ መግቢያ። ባለጉዳይ ገና ከበሩ ሲገባ የሥልጣን ቤት መሆኑ እንዲሰማው ነው። ጓዳ ብዙም አላስፈለጋቸውም። አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛና የፋይል መደርደሪያ ካገኘ ሥራው ይሠራል። የመድረክ ዕቃ የጫነ መኪና አይመጣም። ልብስ የሚቀይር ተዋናይ የለም። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት የሚያወርድ ሠራተኛ የለም።

የጥበብ ቤት ግን በእኔ ግምት ግማሹ ጓዳ ነው። ልብስ መቀየሪያ፣ መለማመጃ፣ የዕቃ ማከማቻ፣ የአየር ማሽን ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ክፍል፣ የሠራተኞች መታጠቢያ፣ የዕቃ ማራገፊያ። ተመልካች እነዚህን አያያቸውም። እነሱ ከሌሉ ግን የሚያየውም ነገር አይኖርም። ስለዚህ የእርስዎ ሕንፃ ትልቁ ጥያቄ «አዳራሹ ያምራል ወይ?» የሚለው አይደለም። እንደሚያምር አልጠራጠርም። ጥያቄው «ጓዳውን ከየት እናምጣለት?» ነው።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ አሮጌ የፍርድ ቤት ሕንፃ ወደ ቴአትር ቤት ሲለወጥ በንድፍ ቡድኑ ውስጥ ነበርኩ። አዳራሹ ሲያልቅ ያየው ሁሉ አፉን ይዞ ነበር። ከዚያ የመጀመሪያው የቴአትር ቡድን መጣ። የመድረኩ ግድግዳዎች በዋናው በር ገቡ፤ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አሉ። አናጺው መንገድ ላይ መልሶ አውጥቶ በመጋዝ ሲቆርጣቸው ቆሜ አየሁ። ያ መታጠፊያ እኔ በሠራሁት ፕላን ላይ ነበር። በየቀኑ አየው ነበር። ዕቃው በየት ይገባል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ይሁን። የሚያስፈልገው ሜትር፣ ጣውላና ጥቂት ሚስማር ነው። ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክብደቱ ወደ 500 ኪሎ ይጠጋል። ሲጓጓዝ እግሮቹ ይወልቁና በጎኑ ይቆማል። ከቀላል ጣውላ 2.8 ሜትር ርዝመት፣ 1.8 ሜትር ከፍታና 70 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ባዶ ሳጥን ያሠሩ። አራት ሆናችሁ ከመንገድ እስከ አዳራሹ ተሸክማችሁ ውሰዱት። የትኛው በር እንደጠበበ፣ የትኛው መታጠፊያ እንዳስቆመው በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ያ ቀን ብዙ ስብሰባ ያልፈታውን ነገር ይፈታል። የኮሚቴው አባላት ሁሉ እንዲሸከሙ እመክራለሁ፤ ትከሻ ያወቀውን ነገር ሰው አይረሳም።

ብዙ ጊዜ መልሱ የኋላ በር ሆኖ ይገኛል። መኪና የሚጠጋበት ሰፊ የኋላ በርና ከጎኑ የዕቃ ሊፍት። እዚህ ላይ አንድ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ሊፍቱን፣ የማምለጫ ደረጃውን፣ ሽንት ቤቱንና የአየር ማሽኑን በአሮጌው ግንብ ውስጥ ለማስገባት አትታገሉ። ቦታ ካለ ከጀርባው ትንሽ አዲስ ሕንፃ ጨምሩበት። ጓዳው ሁሉ እዚያ ይከማች። ብዙ ሰው «ቅርስ አጠገብ አዲስ ነገር?» ብሎ ይደነግጣል። እኔ ደግሞ አሮጌው ሕንፃ መቶ ቦታ ላይ ሲበሳ ነው የምደነግጠው። አንድ ቦታ ላይ በግልጽ መጨመር ያንን ሁሉ መበሳት ያስቀራል።

ከጓዳው የሚቀድም አንድ ነገር ብቻ አለ። እሱም ጣሪያው ነው። ውሃ የሚያስገባ ጣሪያና የተደፈነ አሸንዳ ሳይጠገን ሌላ ምንም አይነካ። ከእሱ ጋር ግንቡን ይመልከቱ። የዚያ ዘመን የድንጋይ ግንብ አብዛኛውን ጊዜ የተጣበቀው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስገባል፤ መልሶም ያስወጣል። እላዩ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰንና የፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀለሙ ይላላጣል፤ ድንጋዩም መፈርፈር ይጀምራል። «ፊት ለፊቱን እናድስ» ሲባል የምሰጋው ለዚህ ነው። በቅን ልብ የተሠራ የፊት እድሳት ግንቡን ሲገድል አይቻለሁ። የቆየውን ግንብ በኖራ የሚጠግን ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። አንደኛ ፎቅ ላይ ነው ብለዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ አገሮች የሕንፃ ደንብ (ኮድ) የቢሮ ወለል በካሬ ሜትር 250 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው የሚታቀደው። ሰው ተጨናንቆ የሚቆምበት አዳራሽ ግን እጥፉን፣ 500 ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። መድረክ ደግሞ ከ700 ኪሎ ያልፋል። የጉባኤ አዳራሹ ወለል ሲሠራ ስንት እንዲሸከም ታስቦ ነበር? ይህን ግንበኛ በዓይኑ አይቶ መናገር አይችልም። የስትራክቸር መሐንዲስ ወለሉን ከፍቶ፣ ተሸካሚዎቹን ለክቶ፣ ካስፈለገም ክብደት ጭኖ ፈትኖ ነው የሚነግራችሁ። በተለይ ቆሞ የሚጨፈርበት ኮንሰርት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። 300 ሰው ተቀምጦ ማዳመጥና 300 ሰው በአንድ ምት መዝለል ለወለሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምቱ ከወለሉ የራሱ መወዛወዝ ጋር ሲገጥም ጉልበቱ ይባዛል።

ወለሉ አልችልም ካለስ? ያኔ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። እኔ ከምወዳቸው መልሶች አንዱ እንግሊዝ ውስጥ ማንችስተር ነው ያለው። ሮያል ኤክስቼንጅ የሚባለው ግዙፍ ሕንፃ የጥጥ መገበያያ ነበር። ንግዱ በ1968 ቆመ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቴአትር ቤት ይሁን ሲባል የአዳራሹ ወለል የታሰበውን ክብደት መሸከም እንደማይችል ታወቀ። ንድፍ አውጪዎቹ ወለሉን ለማጠናከር ሲሉ አላፈረሱትም። በ150 ቶን ብረትና መስታወት ሰባት ጎን ያለው ቴአትር ሠርተው፣ ጉልላቱን ከተሸከሙት ግዙፍ ዓምዶች አራቱ ላይ አንጠለጠሉት። ወደ 700 ሰው ይይዛል። በ1976 ተከፈተ። ዛሬም ስትገቡ አሮጌው አዳራሽ እንዳለ ይታያል፤ አዲሱ ቴአትር መሐሉ ላይ እንደ እንግዳ ቆሟል። አሮጌው አሮጌ ነው፤ አዲሱም አዲስ ነው። አንዱ ሌላውን አላስመሰለም።

ሕንፃው ሊያደርግ የማይችለውን ማወቅ ሥራውን አይገድለውም። ይልቁንም ቅርጽ ይሰጠዋል። ስለዚህ የመሐንዲሱ ሪፖርት «አይቻልም» የሚል ቃል ቢይዝ ኮሚቴው አይዘን።

ስለ መውጫ በሮች ጠበቅ አድርጌ እጽፋለሁ፤ የሰው ሕይወት ነውና። በ1903 ዓመት ማብቂያ ላይ ቺካጎ ውስጥ ኢሮኮይ የሚባል ቴአትር ቤት በትርኢት መሐል ተቃጠለ። ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ቴአትር ቤቱ ከተከፈተ ገና አምስት ሳምንት ቢሆነው ነው። መውጫዎቹ በመጋረጃ ተሸፍነው ነበር። አንዳንዶቹ ተቆልፈው ነበር፤ አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ነበሩ። ዛሬ በአዳራሾች ላይ የምናያቸው ወደ ውጭ የሚከፈቱና ሲገፉ የሚለቁ በሮች የተስፋፉት ከዚያ እልቂት በኋላ ነው።

የእርስዎ ሕንፃ የሚኮራበት ሰፊ መሐል ደረጃ አለው ብዬ እገምታለሁ። በእሳት ጊዜ ግን ያ ክፍት ደረጃ ጭስ ወደ ላይ የሚጎትት ጭስ ማውጫ ይሆናል። እሱን ብቸኛ መውጫ ማድረግ አይቻልም። ከእሱ የራቀና በግድግዳና በእሳት በር የታጠረ ሁለተኛ ደረጃ ግዴታ ነው። ስፋቱም ይሰላል። አሜሪካ ውስጥ በሰፊው በሚሠራበት ኮድ ለአንድ ሰው 7.6 ሚሊ ሜትር የደረጃ ስፋት ይታሰባል። ለ300 ሰው ወደ 2.3 ሜትር ይመጣል፤ ይህም ለሁለቱ ደረጃዎች ይከፋፈላል። የአገራችሁ ኮድ የሚለውን ያዙ። ግን «300 ሰው» የሚለው ቁጥር የሚወሰነው በወንበር ብዛት ሳይሆን በመውጫ ስፋት መሆኑን ኮሚቴው ይወቅ። ወንበር አስቀድሞ መግዛት ልክ ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀጥሎ አየር። ብዙ ሰው የሚረሳው፣ በኋላ ግን ትልቁን ቦታ የሚወስደው ነገር ይህ ነው። አንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ያህል ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል እንበል። ለ300 ሰው 3,000 ሊትር ነው፤ 3 ሜትር ኩብ ማለት ነው። በየሰከንዱ። ቴአትር ውስጥ ደግሞ አየሩ እንዳይሰማ ቀስ ብሎ መጓዝ አለበት። በሰከንድ 2 ሜትር ቢሄድ ቱቦው 1.5 ካሬ ሜትር አፍ ይፈልጋል። ከአንድ ክፍል በር ብዙም አያንስም። መመለሻውም ያንኑ ያህል ነው። እነዚህ ሁለት ቱቦዎች በየትኛው ግድግዳ ያልፋሉ? በየትኛው ኮርኒስ ሥር? ሙቀቱም አለ። ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል። 300 ሰው 30 ኪሎ ዋት ነው፤ 1,500 ዋት ያላቸው 20 ማሞቂያዎች አብሮ እንደመለኮስ ነው። የመድረክ መብራት ገና አልተቆጠረም። በመስኮት አየር እናስገባለን እንዳትሉ፤ መስኮት ሲከፈት የመንገዱ ጩኸት ይገባል፤ የእናንተ ከበሮም ጎረቤት ቤት ይገባል።

በጥሩ ዕድል ከሆነ አሮጌ ሕንፃዎች የድሮ የጭስ ማውጫ መስመሮች፣ ከወለል በታች ባዶ ቦታዎች፣ ሰፋፊ የጣሪያ ሥሮች አሏቸው። የአየር መሐንዲሱ መጀመሪያ እነዚህን ይፈልግ።

ስለ ድምፅ ሳወራ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የሥራዬ ፍቅር እዚህ ነው። የጉባኤ አዳራሾች እብነ በረድ፣ ልስን፣ መስታወትና ጠንካራ እንጨት ናቸው። ድምፅ ይመታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይመታል። ለንግግር የሚመች ቴአትር ድምፁ በአንድ ሰከንድ ገደማ ጸጥ ማለት አለበት። ለኦርኬስትራ ሁለት ሰከንድ ገደማ ያምራል። ለሁሉም የሚስማማ አንድ ቁጥር የለም። «ለሁሉም የሚሆን አዳራሽ» ሲባል የምጠነቀቀው ለዚህ ነው።

ይህ እውቀት ራሱ የተወለደው በአንድ የተበላሸ አዳራሽ ውስጥ ነው። በ1895 ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፎግ ሙዚየምን አዲስ የንግግር አዳራሽ ሠራ። ተናጋሪው የሚለው ግን አይሰማም ነበር፤ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። ባዶ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ 5 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይቆያል። ዋላስ ሴባይን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር መፍትሔ ፈልግ ተባለ። ሴባይን በአቅራቢያው ካለው ሳንደርስ ቴአትር የወንበር ትራሶች ማመላለስ ጀመረ። ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት ትራሶቹን እየደረደረ፣ የኦርጋን ቧንቧ እየነፋ፣ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካ ነበር። ከዚያ የወጣው ቀላል ስሌት ዛሬም ይሠራል። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ወስደው በ0.161 ያባዛሉ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ባለው ድምፅ መጣጭ ስፋት፣ በካሬ ሜትር፣ ያካፍላሉ። የሚወጣው ቁጥር ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀው ሰከንድ ነው።

በእርስዎ አዳራሽ እንሞክረው። 20 ሜትር በ12 ሜትር፣ ከፍታው 8 ሜትር ነው እንበል። ይዘቱ 1,920 ሜትር ኩብ ነው። ባዶ አዳራሽ ጠንካራ ግድግዳ ብቻ ስላለው ድምፅ የሚመጥጠው 100 ካሬ ሜትር ያህል ቢሆን 3 ሰከንድ ይወጣል። ቴአትር አይሰማም። ወደ 1.1 ሰከንድ ለማውረድ 280 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። የሚጎድለው 180 ነው። አንድ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይመጥጣል፤ 300 ሰው ሲገባ 150ው ተሞላ ማለት ነው። ደስ አይልም? ተመልካቹ ራሱ አዳራሹን ያስተካክለዋል። ችግሩ ሰው ግማሽ ብቻ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ወንበር የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ባዶውንም እንደ ሰው የሚመጥጥ ጨርቅና ስፖንጅ ያለው ይመረጥ። በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ የሚሳብ ወፍራም መጋረጃ ይኑር። ለቴአትር ይዘረጋል፤ ለመዘምራን ይሰበሰባል። ጌጠኛው ልስን ሳይነካ አንድ ክፍል ሁለት ድምፅ ይኖረዋል።

ሳትገዙ በፊት እንደ ሴባይን ፈትኑ። ብርድ ልብስና ፍራሽ ሰብስባችሁ አዳራሹ ውስጥ ደርድሩ። አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ያንብብ። ሌሎቻችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስሙ። ልዩነቱን ለመስማት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ወንበሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ወለሉ ላይ በብሎን የሚታሰር ወንበር አትግዙ። የጉባኤ አዳራሽ ትልቁ ሀብቱ ጠፍጣፋው ወለሉ ነው። ዛሬ ቴአትር፣ ነገ ዳንስ፣ ከነገ ወዲያ ዐውደ ርዕይ ይሆናል። የሚታጠፍና የሚሳብ መቀመጫ ይሻላል። ዳንስ ካሰባችሁ ደግሞ ዳንሰኛ በእብነ በረድ ወይም በሲሚንቶ ላይ አይዝለል፤ ጉልበቱ ያልቃል። ከጎማ ወይም ከስፖንጅ በላይ የተዘረጋ የጣውላ ወለል በአሮጌው ላይ ይነጠፋል፤ ሲፈለግም ይነሳል። መብራቱንም ከጌጠኛው ኮርኒስ ላይ አታንጠልጥሉ። ከወለሉ ተነስቶ በራሱ እግር የሚቆም የብረት ማማ አለ።

«ታሪኩን ሳናበላሽ» ያሉትን አልረሳሁትም። በዚህ ሙያ ሁለት ሰነዶች በብዙ አገር ይጠቀሳሉ። የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር ቅርስ ለሕዝብ የሚጠቅም አገልግሎት ቢሰጥ መልካም ነው ይላል፤ አቀማመጡና ጌጡ ግን መለወጥ የለበትም። የአውስትራሊያው የቡራ ቻርተር ደግሞ መንፈሱ ይህ ነው፦ የሚያስፈልገውን ያህል ለውጥ፣ ግን በተቻለ መጠን ጥቂት። እኔ ከእነዚህ ላይ የራሴን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። የምንጨምረው ነገር ከ50 ዓመት በኋላ ሊነሳ ይችላል? ከተቻለ አብዛኛው ስሕተታችን ይታረማል።

ግንቡን ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሆነውንም ያስቡ። ማዘጋጃ ቤት ሰው የተወለደ ልጁን ያስመዘገበበት፣ የተጋባበት፣ ግብር የከፈለበት፣ ምናልባትም የተበደለበት ቦታ ነው። ሲንጋፖር በ1929 የተሠራውን ማዘጋጃ ቤቷንና በ1939 የተሠራውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቷን አጣምራ በ2015 ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ አድርጋ ከፍታለች። በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ በ1945 ጃፓኖች እጅ የሰጡበት አዳራሽ እንዳለ ተጠብቋል። ከፍርድ ቤቱም ተከሳሾች ይጠብቁባቸው ከነበሩት እስር ክፍሎች ሁለቱ ቀርተዋል። ሥዕል ሊያይ የመጣ ሰው በዚያ ያልፋል። ይህን ውሳኔ በጣም አከብረዋለሁ። እናንተም የመዝገብ ቤቱን መስኮት፣ የባለጉዳይ አግዳሚውን፣ በእግር ብዛት የተቦረቦረውን የደረጃ ድንጋይ ቀይሩ የሚል ኮንትራክተር ሲመጣ እምቢ በሉ። ስለ ሕንፃው የሚያስታውሱ አዛውንቶችን አሁኑኑ አነጋግሩ። ግንቡ ይቆያል፤ እነሱ ግን ሁልጊዜ አይኖሩም።

ሌላው የምመክረው ምሳሌ ለንደን ያለው የባተርሲ ጥበብ ማዕከል ነው። በ1893 የተከፈተ ማዘጋጃ ቤት ነበር። እድሳቱን በአንድ ጊዜ አልጨረሱትም። ንድፍ አውጪዎቹ ከአርቲስቶቹ ጋር ሆነው ለዓመታት አንድ ክፍል ከፍተው እየሞከሩ፣ የሠራውን እያስቀጠሉ ሄዱ። ከዚያ መጋቢት 2015 ላይ ትልቁ አዳራሽ በእሳት ወደመ። በ2018 ሲከፈት የድሮውን የልስን ኮርኒስ አስመስለው አልሠሩም። በእሱ ንድፍ የተጠለፈ የጣውላ መረብ ሰቀሉ። ድምፅና መብራት በመረቡ ያልፋሉ። እሳቱ የለበለበው ግድግዳም ጠባሳው እንዳለ ቀረ። ከዚህ የምወስደው ለእናንተ የሚሆን ነገር አለ። መጀመሪያ አንድ ክፍል፣ ምናልባት ምድር ቤት ያለውን፣ በጥቂት ወጪ ክፈቱ። አንድ ዓመት ሥሩበት። የት ሰው እንደሚጨናነቅ፣ ምን እንደሚጎድል ሕንፃው ራሱ ያሳያችኋል። ትልቁ ንድፍ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

እሳትን ካነሳሁ አይቀር። አሮጌ ሕንፃ እጅግ የሚጋለጠው በእድሳት ላይ ሳለ ነው። የግላስጎው የጥበብ ትምህርት ቤት በ2018፣ የፓሪሱ ኖትር ዳም በ2019 የተቃጠሉት ሁለቱም በእድሳት ላይ እያሉ ነው። ስለዚህ ከኮንትራክተሩ ጋር በምትፈርሙት ውል ውስጥ ብየዳና ማንኛውም እሳት ያለበት ሥራ በጽሑፍ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን አስገቡ። ሥራው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። የእሳት ማስጠንቀቂያው በመጨረሻ ሳይሆን ሥራው ሲጀመር ይተከል።

የሥዕል ክፍሎቹ ቀለል ይላሉ። የድሮ ቢሮዎች ለዐውደ ርዕይ ብዙ ጊዜ ይመቻሉ፤ ወፍራሙ ግንብ ሙቀቱን ያረጋጋል። ጠላቱ ረጃጅሙ መስኮት ነው። ወረቀትና ጨርቅ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን አይወዱም፤ የዘይት ቀለም ሥዕል እስከ 200 ይችላል። ከውስጥ በኩል የሚዘጋ መከለያ ይበቃል። ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታ። በራሳቸው የሚቆሙ ግድግዳዎችን ተጠቀሙ።

መግቢያውን ግን ችላ አትበሉ። የማዘጋጃ ቤቶች መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ በደረጃ ከፍ ያለ ነው። ወለሉ ከመንገዱ በአንድ ሜትር ቢበልጥ በተለመደው የ1 ለ12 ልክ 12 ሜትር ራምፕ (ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ) ይጠይቃል፤ ማረፊያው ሳይቆጠር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው በጓሮ በር ብቻ እንዲገባ ማድረግ ለእኔ ተቀባይነት የለውም። ሁሉም ሰው በአንድ በር ይግባ። መድረኩና ልብስ መቀየሪያውም እንደዚሁ ይታሰቡ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣው ተመልካች ብቻ አይደለም፣ ተዋናይም ነው።

የሴቶች ሽንት ቤት ቁጥርም በስሌት ይምጣ። ከ300 ተመልካች 150 ሴት ናት፣ በ20 ደቂቃ ዕረፍት 100ዋ ትሄዳለች እንበል። ለአንዷ ሁለት ደቂቃ ቢያስፈልግ አንድ ሽንት ቤት 10 ሰው ያስተናግዳል። አሥር ያስፈልጋል ማለት ነው። ሦስት አራት ብቻ ከተሠራ ሁለተኛው ክፍል ሁልጊዜ ዘግይቶ ይጀምራል።

በጀቱ ላይ የምለው አጭር ነው። ለአሮጌ ሕንፃ ከ20 በመቶ ያነሰ መጠባበቂያ ይዤ ሥራ አልጀምርም። ግድግዳ ሲከፈት የሚገኘውን ማንም አያውቅም። ሌላው፣ ቤቱን የሚያስተዳድረውን የቴክኒክ ኃላፊ ንድፍ ሳይጀመር ቅጠሩ። መሰላል ላይ ወጥቶ መብራት የሚያስተካክል ሰው ፕላኑን አይቶ የሚላችሁን አርክቴክቱ አይላችሁም። እኔም አርክቴክት ነኝ፤ ይህን የምለው ስለማውቀው ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የሳጥኑን ሐሳብ ይዘው ይግቡ። ሰዎቹ ከተስማሙ ከመንገዱ እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ በሙሉ ይለኩ፤ የእያንዳንዱን በር ስፋትና ከፍታ፣ የደረጃውን መታጠፊያ፣ የጓሮውን ስፋት። ከእነዚህ ውስጥ ጠባቡን ቁጥርና የጓሮውን ፎቶ ይላኩልኝ። የኋላው ተጨማሪ ሕንፃ የት ሊቆም እንደሚችል አብረን እናያለን።